«እኛስ ለምን ንጉሥ የለንም?» ለሚል ልጅ ምን እንመልሳለን?

የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ በቴሌቪዥን ያዩ የልጅ ልጆቼ ሁለት ጥያቄ አከታትለው አመጡብኝ። ትንሹ «እማማ፣ በዚህ ዘመንም ንጉሥ አለ እንዴ?» አለኝ። ትልቋ ደግሞ «እኛስ ለምን የለንም?» አለች።

በወረታና በፎገራ ለምንኖር አያቶች ጥያቄው ቀላል አይደለም። በስተምሥራቅ ያለችው ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። ወደ ጎንደር ሲኬድ እንፍራዝ አጠገብ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ ይታያል፤ ጎንደር ሲደረስ የአፄ ፋሲል ግንብ አለ። በየቤቱ ደግሞ አንዱ ሽማግሌ «በጃንሆይ ጊዜ እኮ!» እያለ ሲያመሰግን ሌላው ያንኑ ዘመን ይረግማል። መሐል ላይ የተቀመጠው ልጅ ወይ ማምለክን ወይ መጥላትን ይማራል። ሁለቱም ስለ መንግሥት ምንም አያስተምሩትም።

ለትንንሾቹ በቤት ምሳሌ መጀመር ይሻላል። በአንዳንድ ቤት አያት ይከበራሉ፣ ማዕድ ይባርካሉ፣ በዓል ሲመጣ ከላይ ይቀመጣሉ። የሣጥኑ ቁልፍ ግን ያለው ቤቱን በሚያስተዳድሩት ልጆቻቸው እጅ ነው። በሌላ ቤት ምርቃቱም ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ነው። ነገሥታትም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ናቸው። በእንግሊዝ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በጃፓን፣ ከአፍሪካም በሌሶቶ ዘውዱ ክብር አለው፤ አገር የሚያስተዳድረው ግን ሕዝብ የመረጠው መንግሥት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያና በኢስዋቲኒ ደግሞ ቁልፉም በንጉሡ እጅ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ንጉሥ ወይም ንግሥት በርዕሰ ብሔርነት ያላቸው አገሮች ከ40 ይበልጣሉ።

ከፍ ያሉት ልጆች «ለምን ቀሩ?» ብለው ይጠይቃሉ። በአንዳንድ አገር ጦሩም ገንዘቡም በንጉሡ እጅ ስለሆነ ነው። በብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ግን ነገሥታቱ ወደውም ሆነ ተገደው ሥልጣናቸውን ቀስ በቀስ ለምክር ቤት ስለለቀቁ ነው። ኖርዌጂያውያን እ.ኤ.አ. በ1905 ድምፅ ሰጥተው ንጉሥ ይኑረን አሉ፤ ጣሊያኖች በ1946 ድምፅ ሰጥተው ንጉሣቸውን አሰናበቱ።

የእኛው ለምን ወደቀ? በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በ1948 ተሻሻለ። ምክር ቤት ነበረ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበረ። ሚኒስትሮቹን የሚሾመውና የሚሽረው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ልጆቻችን ርብንና ጉማራን ስለሚያውቁ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውኃው ዳር ሲኖረው ሩዙን ያጠጣል፤ ዳሩን ሲጥስ ማሳውንም ቤቱንም ይወስዳል። ሥልጣንም ዳር ይፈልጋል። የወሎ ረሃብ ሕዝብ ሲጨርስ መንግሥትን አስገድዶ የሚጠይቅ አካል አልነበረም። በ1966 ቁጣው ገነፈለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። ደርግ በዚያው ሰሞን ለሕክምና ውጭ አገር የነበሩትን አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንን ሥልጣን የሌለው ንጉሥ እንዲሆኑ ሰይሞ ነበር። እሳቸው አልመጡም፤ በመጋቢት 1967 ዘውዱ በአዋጅ ቀረ። ከዚያ በፊት፣ ኅዳር 14 ቀን፣ 60 ያህል ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሽነዋል። ዘውዱ ሄደ፤ ቁልፉ ግን ወደ ሕዝቡ አልመጣም። ይህንንም ለልጆች መንገር አለብን። አለዚያ ንጉሥ ከሌለ ሁሉም ደኅና ነው ብለው ያድጋሉ።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የንጉሡ ፎቶግራፍ ከክፍላችን ግድግዳ ሲወርድ ለምን እንደሆነ ያስረዳን ትልቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም ፈርቶ ነበር። እኛም ከሚጮኸው ጋር መጮኽን ተማርን። በኋላ በነርስነት ስሠራ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ «መርፌው አያምህም» ተብሎ የተዋሸ ልጅ በሚቀጥለው ቀን እውነት ብትነግሩትም አያምንም። ታሪክም እንደዚያው ነው። የሚያመውን ያማል ብለን፣ የሚያኮራውን ያኮራል ብለን ብንነግራቸው ይችሉታል።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ሦስት ጥያቄ አስይዟቸው። ማን ሾመው? ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል? በሰላም ሊያወርደው የሚችለውስ ማን ነው? ጥያቄዎቹ ለንጉሥም፣ ለፕሬዚዳንትም፣ ለእድር ዳኛም ይሠራሉ። ጎንደር ስትወስዷቸው ግንቡን ያድንቁ፤ የአባቶቻቸው እጅ ሥራ ነውና ይኩሩበት። ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ በሉና ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቋቸው።