የላስታ ነጭ ማር፣ ጠጅና የገና ዶሮ

ነጭ ወይን ሲባል መጀመሪያ የሚታሰባችሁ የወይን ፍሬ ይሆናል። ላሊበላና ላስታ ላይ ግን የወይን ነገር በዋናነት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቅዳሴ የሚሆነው ከዘቢብ ይዘጋጃል። በድግስ ማዕድ ላይ የነጭ ወይንን ቦታ የያዘው ከአካባቢው ነጭ ማር የሚጣለው ጠጅ ነው። ከተማዋ እራሷ ስሟን ከማር ነው ያገኘችው ይባላል፦ በትውፊቱ ንጉሡ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ በአገውኛ «ላል» ማር ነውና «ላል ይበላል» ተባለ።

ታዲያ ጠጅ ከምን ጋር ይሄዳል? መልሱ ስንት ቀን እንደቆየ ነው። ለምን? እስቲ እናስላው።

ልማዱ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ 80 በመቶው ስኳር ነው። ስለዚህ በ4 ሊትር ብርዝ ውስጥ 1.1 ኪሎ፣ በአንድ ሊትር ደግሞ 280 ግራም ያህል ስኳር አለ። ይህ ከኮካ ኮላ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው! እርሾው ስኳሩን ሲበላ በክብደት ግማሹን ወደ አልኮል፣ ግማሹን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ሁሉንም ቢጨርስ ጠጁ 18 በመቶ አልኮል ይደርስ ነበር። 9 በመቶ ላይ ሲሆን ግን ግማሽ ያህሉ ስኳር ገና አልተነካም። ለስላሳ ጠጅ የምንለው ይህን ነው። ደረቅ የምንለው ደግሞ እርሾው ብዙ የገፋበትን ነው።

(ጋዙን አትናቁት። ከ4 ሊትር ለስላሳ ጠጅ እንኳ ከ150 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በሃይላንድ ሞልቶ አጥብቆ መክደን ፈንጂ እንደመያዝ ነው።)

አሁን ወደ ዶሮ ወጡ። የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም አይደለም፤ ምላሳችን ላይ ሙቀትን የሚለየው ተቀባይ በስህተት ሲነቃ የሚሰማን ነው። ይህ ተቀባይ በተለምዶ 42 ዲግሪ አካባቢ ይነሳል፤ አልኮል ሲያገኘው ግን ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል። ማለትም የሰውነታችን ሙቀት ብቻውን ይበቃዋል። ቁስል ላይ አልኮል ሲነካን የሚያቃጥለንም ለዚህ ነው። ስለዚህ በበርበሬ ላይ ደረቅ ጠጅ ማከል እሳት ላይ እሳት ነው። ስኳር በተቃራኒው ማቃጠሉን ያበርዳል። ዶሮ ወጥ ከለስላሳ ጠጅ ጋር የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው፤ አያቶቻችን ተቀባዩን ባያውቁትም ውጤቱን ያውቁታል።

ደረቁን ለክትፎና ለቁርጥ አቆዩት። ቅቤና ጮማ ምላስን ሲሸፍነው የጠጁ ኮምጣጣነትና የጌሾው ምሬት ጠርጎ ያነሳዋል። ሚጥሚጣውን ካበዛችሁ ግን ወደ ለስላሳው ተመለሱ።

ለገና ልትጥሉ ከሆነ ቀን ቁጠሩ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የታኅሣሥ ሌሊትም ይበርዳል። እርሾ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጌሾ ከገባ በኋላ ቆላ ላይ 5 ቀን የሚበቃው ጠጅ ደጋ ላይ ከ15 እስከ 20 ቀን ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በፊት ብርዙ ለብቻው የሚቆይባቸውን ጥቂት ቀናት ጨምሩበት። ጋኑን ምድጃው ካለበት ክፍል ማስቀመጥ ይረዳል።

እኔ ብሆን ታኅሣሥ መባቻ ላይ እጥለዋለሁ፤ በ29 ለዶሮው ገና ለስላሳ ሆኖ ይደርሳል። ጌሾውንም ቀነስ አደርጋለሁ፤ ነጭ ማር መዓዛው ስስ ስለሆነ ምሬት ቶሎ ይውጠዋል። ከድግሱ የተረፈው እዚያው ጋን ውስጥ ይቆይ፤ ጥምቀት ሲደርስ ደርቆ ለቁርጥ ይሆናል።