የአጃ ልክ፦ ከግራም ወደ ኩባያ

በግራም የተጻፈ የአጃ መጠን ወደ ኩባያ የሚመለሰው አጃው እንዴት እንደተዘጋጀ ሲታወቅ ብቻ ነው። ግራም ክብደትን ይናገራል፤ ኩባያ የሚናገረው ቦታን ነው። 237 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የአሜሪካ ኩባያ ውሃ ሲሞላበት 237 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የተዳመጠ አጃ ሲሞላበት ግን 80 ግራም ያህል፣ ማለትም የውሃውን ሲሶ ብቻ ነው የሚመዝነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው አየር ነው። ለተዳመጠ አጃ ፍሬው በእንፋሎት ከለሰለሰ በኋላ በሁለት ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ ስስ ጠፍጣፋ ይሆናል። ኩባያ ውስጥ ሲፈስ አንዱ ይተኛል፣ ሌላው በጎኑ ይቆማል፣ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ቢያደርጉት አጃው ዝቅ ይልና ሌላ አንድ ማንኪያ ይጨመርበታል። ቶሎ እንዲበስል ተደርጎ የሚሸጠው ስስ አጃም ከ80 ግራም ብዙ አይርቅም።

ቅንጬ ሌላ ነው። የተከካው ፍሬ ጠጣርና ደቃቅ ስለሆነ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ አንድ ኩባያ የአጃ ቅንጬ 160 ግራም ያህል ይመዝናል፣ የተዳመጠውን እጥፍ። ስለዚህ 200 ግራም የተዳመጠ አጃ ሁለት ኩባያ ተኩል ሲሆን፣ ያው 200 ግራም ቅንጬ አንድ ኩባያ ከሩብ ብቻ ነው። አንዱን በሌላው ኩባያ ለክቶ የሚጨምር ሰው ወይ እጥፍ አጃ ያስገባል፣ ወይ ግማሹን ያጎድላል። የውሃው ልክም አብሮ ይለወጣል፦ አንድ ኩባያ የተዳመጠ አጃ ሁለት ኩባያ ያህል ውሃ ሲበቃው፣ አንድ ኩባያ ቅንጬ ሦስት ወይም አራት ይጠጣል።

ለአጥሚት የሚሆነው የአጃ ዱቄት ከሁሉም ያስቸግራል። ተነፍቶ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ከተጨመረ ኩባያው 90 ግራም ገደማ፣ ተጠቅጥቆ ከተሞላ እስከ 120 ግራም ሊይዝ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ሳይነክሩ በማንኪያ መሙላትና የተረፈውን በቢላ ጀርባ ጠርጎ አፉን እኩል ማድረግ ነው። ይህን የእኩል አፍ አለካክ በአሜሪካ ወጥ ቤቶች ያስፋፋችው በ1896 እ.ኤ.አ. በታተመው የቦስተን ምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤት መጽሐፏ የምትታወቀው ፋኒ ፋርመር ናት።

ኩባያ ሁሉ አንድ አለመሆኑም መታወስ አለበት። በአውስትራሊያ የሚሠራበት ኩባያ 250 ሚሊ ሊትር ስለሆነ የተዳመጠ አጃ 85 ግራም፣ ቅንጬ 170 ግራም ያህል ይይዛል። በየቤቱ ያለው የሻይ ኩባያ ደግሞ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል። ሚዛን በሌለበት ቤት ያልተከፈተ 500 ግራም የአጃ ከረጢት ራሱ ሚዛን ይሆናል። አጃው በቤቱ ኩባያ፣ አፉ እኩል እየተደረገ፣ ወደ ሌላ ዕቃ እየተለካ ይገለበጣል፤ ኩባያው ይቆጠራል፤ 500 ለቁጥሩ ይካፈላል። ስድስት ኩባያ ከወጣው አንዱ 83 ግራም ነው። ቁጥሩ የሚያገለግለው ለዚያ ኩባያና ለዚያ ዓይነት አጃ ብቻ ስለሆነ፣ የአጃው ዕቃ ክዳን ላይ ቢጻፍ በየጊዜው ከመቁጠር ያድናል።

ገንፎና አጥሚት ላይ አሥር ግራም ቢበዛ ወይም ቢያንስ ውሃ ጨምሮ ወይም ጥቂት አቆይቶ ማስተካከል ይቻላል። ዳቦና ብስኩት ግን አንዴ ምድጃ ከገቡ በኋላ አይታረሙም፤ ለእነሱ ሚዛን ካለ በግራም መሥራት ይሻላል።