የጄኔቫው ንግግር እንዴት ተሠራ?

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ያደረጉት ንግግር ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በሐዘኑ ነው። የማሳመን ጥበብን ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ንግግሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘዴ የታነጸ ነው፤ እውነትነቱ ደግሞ በዘዴው ምክንያት አልቀነሰም።

መድረኩ ላይ ሲወጡ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ያፏጩና ይሳደቡ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ መልስ ሳይሰጡ ጸጥታው እስኪመለስ ጠበቁ፤ ከዚያም ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ጠቡን የጀመረው ማን እንደሆነ አዳራሹ ያለ አስረጂ አየ። ተናጋሪው በአኳኋኑ ብቻ ተአማኒነትን የሚያገኝበት መንገድ ይህ ነው።

ንግግሩ ሲጀመር አንድ ርእሰ መንግሥት ራሱ ቀርቦ ጉባኤውን ሲያነጋግር የመጀመሪያው መሆኑን አመኑ። አስከትለውም፣ በዚያው የአነጋገር ቅርጽ፣ አንድ ሕዝብ እንዲህ ያለ ግፍ ሲደርስበትም የመጀመሪያው ነው አሉ። ሊነሣ የሚችለውን ነቀፋ ራስ ቀድሞ ማንሣትና በተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር መርታት በፍርድ ቤት ክርክርም በምርጫ ቅስቀሳም ዛሬ ድረስ የሚሠራ ዘዴ ነው። ቀጥሎ አድማጮቹን በገዛ ቃላቸው ያዟቸው፦ ከስምንት ወር በፊት ኢጣሊያ ወራሪ መሆኗን የመሰከሩት 50 መንግሥታት እዚያው አዳራሽ ተቀምጠዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ስለ መርዝ ጋዝ ያሉት ነው። በቁጣ ቃል አልሞሉትም፤ በቅደም ተከተል ነገሩት። በመጀመሪያ የሚያስለቅስ ጋዝ ተጣለ፣ ወታደሩ ነፋስ እስኪያጠራው መበተንን ተማረ። ከዚያ የሚያቃጥለው መርዝ በበርሜል መጣ፣ የጎዳው ግን ጥቂቱን ነበር። በመጨረሻ መርጫ መሣሪያ በአውሮፕላን ላይ ተገጠመ፤ 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው ሲበሩ የሚረጩት ጭጋግ አንድ ወጥ ሆነ። ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ግጦሹን እያከታተሉ ጠሩ። ደረጃ በደረጃ የሚያድገው አደጋና የሚረዝመው ዝርዝር አድማጩን ማምለጫ ያሳጡታል። ስሜቱን የሚያነሣው ቅጽል አይደለም፤ ቁጥሩና ተራው ነው። ስለዚህ ልብ የሚነካ ጽሑፍ ሲያጋጥመን ቅጽሎቹን አውጥቶ የቀረውን ማንበብ ጥሩ መፈተኛ ይመስለኛል። ይህ ንግግር ፈተናውን ያልፋል።

ወደ ማብቂያው ነገሩን አሰፉት፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ህልውናና የትናንሽ አገሮች ሁሉ ዕጣ ነው አሉ። ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱም ጠየቁ። መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ አድማጩን በራሱ ላይ ዳኛ ያደርገዋል። ነገርን አስፍቶ የሁሉም ጉዳይ ማድረግ ግን በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ዘዴ ነው፤ ብዙ ተናጋሪ የራሱን ጥቅም የዓለም ጥቅም አድርጎ ያቀርባልና። እዚህ ላይ የሚፈርደው የተከተለው ታሪክ ነው። ጉባኤው አልተበገረም፤ በዚያው ክረምት በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1931 ዓ.ም.፣ የጀርመን ጦር ፕራግ ገባ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኢጣሊያ አልባኒያን ወረረች።