በልጆች የኩላሊት ሕመም ሕክምና ላይ ስለሚታከሉ መድኃኒቶች ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

ኔፍሮቲክ ሲንድረም የኩላሊት ጥቃቅን ማጣሪያዎች በደም ውስጥ መቅረት ያለበትን ፕሮቲን ወደ ሽንት የሚያሳልፉበት ሕመም ነው። በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ይጀምራል። ጠዋት የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ የእግርና የሆድ እብጠት እንዲሁም አረፋ የበዛበት ሽንት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ሕክምና ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ከ10 ሕፃናት ቢያንስ 8 ያህሉ በዚህ መድኃኒት ይሻላቸዋል። ይሁን እንጂ ከተሻላቸው መካከል በአብዛኞቹ ላይ ሕመሙ ያገረሻል፤ በርካቶችም በተደጋጋሚ ይታመማሉ። ፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ሲደጋገም የቁመት እድገትን ይገታል፣ ክብደትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትንና ዓይንን ይጎዳል።

ተጨማሪ መድኃኒት የሚታዘዘው ይህንን ጉዳት ለመቀነስ ነው። መታዘዙ ሕፃኑ ተስፋ እንደሌለው ወይም የቀድሞው ሕክምና ስሕተት እንደነበረ አያመለክትም።

በሐኪም ውሳኔ ከሚታከሉት መድኃኒቶች መካከል፦

• ሌቫሚሶል፦ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን እየተዘለለ በአፍ ይወሰዳል። ነጭ የደም ሕዋስን ሊቀንስ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።
• ሳይክሎፎስፋማይድ፦ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ለሚደርስ የተወሰነ ጊዜ በደም ምርመራ ክትትል ይሰጣል።
• ማይኮፌኖሌት፦ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።
• ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ፦ ፕሬድኒሶሎን ላልሠራላቸው ሕፃናትም ይታዘዛሉ። የደም ግፊትንና የኩላሊትን ሥራ መከታተል ግዴታ ነው።
• ሪቱክሲማብ፦ በሆስፒታል በደም ሥር ይሰጣል።

ወላጆች ከሚከተሉት ነጥቦች አንዱንም ቸል ሊሉ አይገባም፦

1. እብጠቱ ስለጠፋ ወይም አዲስ መድኃኒት ስለተጀመረ ፕሬድኒሶሎንን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ለሕይወት አደገኛ ነው። መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።
2. የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ካለ ጠዋት ጠዋት መርምሮ ውጤቱን በደብተር መመዝገብ ይገባል። ውጤቱ በተከታታይ 3 ቀናት 3 ፕላስ ካሳየ ወይም እብጠት ከተመለሰ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።
3. ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ከታየ ሕፃኑ በዚያው ዕለት መታየት አለበት። ሕመሙም ሆነ መድኃኒቶቹ ሰውነት ኢንፌክሽንን የመከላከል አቅሙን ያዳክማሉ።
4. ከማንኛውም ክትባት በፊት ሕፃኑ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ለባለሙያው ማሳወቅ ይገባል። እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች ለሌላ ጊዜ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ምልክቱ የታየበት ሕፃን በቅድሚያ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ የሽንት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ተጨማሪ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሕፃን የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል።