ማዞርን በማዞር

ከአልጋው ሲነሣ ወይም ወደ ጎኑ ሲገላበጥ ቤቱ የዞረበት ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ግፊቱን ለመለካት ነው። ግፊቱ ደህና ከሆነ ደም ማነስ ይባላል፤ እሱም ካልሆነ ጨጓራ። ጆሮውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ጆሮ ግን ከመስማት ሌላ ሥራም አለው። በውስጠኛው ክፍሉ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን ግማሽ ክብ ቱቦዎች የራስን መዞር ለአንጎል ያሳውቃሉ። ከሥራቸው ያሉ ሁለት ከረጢቶች ደግሞ ማዘንበልንና ወደፊትም ሆነ ወደ ጎን መሄድን ይለያሉ። ከረጢቶቹ ላይ የተነጠፉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ያው ንጥረ ነገር ማለት ነው።

በመገላበጥ የሚቀሰቀሰው ማዞር ብዙ ጊዜ ከነዚህ ቅንጣቶች ይነሣል። በዕድሜ፣ ራስ ላይ ባረፈ ምት፣ አንዳንዴም ያለምንም የታወቀ ምክንያት ይላቀቁና ወደ አንዱ ቱቦ ይገባሉ። ራስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፈሳሹን ይገፉታል። ሰውየው ጋደም ብሎ ሳለ ያ ጆሮ “እየዞርን ነው” ይላል፤ ሌላው ጆሮና አካሉ ደግሞ “ኧረ ዝም ብለን ተኝተናል” ይላሉ። ማዞሩም ማቅለሽለሹም የዚህ አለመግባባት ውጤት ነው።

ነገሩን ከጆሮ ጋር ማያያዝ ጊዜ ወስዷል። ፓሪስ ውስጥ ፕሮስፔር ሜንየር እ.ኤ.አ. በ1861 ማዞር ከውስጠኛው ጆሮ ሊመጣ እንደሚችል ከማሳየቱ በፊት፣ ሐኪሞች ደም ወደ አንጎል በዝቶ ነው እያሉ ደም ያፈሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ መጣ። የሕመምተኞችን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ ይዞርባቸው ነበር። አንዱ ውኃው ቀዝቅዟል ብሎ አማረረ፤ ሲሞቅም ዞረበት። የባራኒ ብልሃት ዓይናቸውን ማየቱ ነው፦ በቀዝቃዛው ውኃ ወደ አንድ ወገን ይዘል የነበረው ዓይን በሙቁ ውኃ አቅጣጫውን ቀየረ። ሙቀቱ የቱቦውን ፈሳሽ ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። ለ1914 የኖቤል ሽልማት ሲመረጥ ሩስያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ነበር፤ ሽልማቱን የተቀበለው በስዊድን አማላጅነት ከተፈታ በኋላ በ1916 ነው። ዛሬም ምርመራው አልተለወጠም ማለት ይቻላል፦ ከሰውነት ሙቀት በ7 ዲግሪ የቀዘቀዘና በ7 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በየጆሮው ተራ በተራ ይገባል፤ የሁለቱ ጆሮዎች ምላሽም ይነጻጸራል። ደስ የሚል ምርመራ አይደለም።

የተላቀቀውን ቅንጣት ለማግኘት ግን ውኃም መሣሪያም አያስፈልግም፤ አልጋና የሠለጠነ እጅ ይበቃል። ዘዴውን ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1952 ገልጸውታል። ታማሚው አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ መርማሪው ራሱን 45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን ያዞርና ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ዝቅ እንዲል አድርጎ ቶሎ ያስተኛዋል። ጥቂት ሴኮንዶች ጸጥታ ነው። ከዚያ ዓይኖቹ ወደ ላይና ወደ ታችኛው ጆሮ እየተጠማዘዙ መዝለል ይጀምራሉ፤ ታማሚው የመርማሪውን ክንድ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይበርድለታል። ያቺ አጭር ዝምታና የዓይኑ አዘላለል የትኛው ጆሮ፣ የትኛው ቱቦ እንደሆነ ይናገራሉ።

ሕክምናው ከዚያው ይቀጥላል። በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ የነበረው ሐኪም ጆን ኤፕሊ፣ ቅንጣቱ በገባበት መንገድ በክብደቱ ተንከባሎ ይውጣ አለ፦ ራስ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ ፊት ወደ ወለሉ እስኪያይ ሰውነት ይገላበጣል፤ በየአቀማመጡ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆይና በመጨረሻ ቀና ይባላል። በ1980 ለባልደረቦቹ ሲያቀርበው ብዙዎቹ አላመኑትም፤ ጽሑፉ የታተመው በ1992 ነው። ያለ ቢላዋና ያለ መድኃኒት፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሕክምና ማንን ያሳምናል? ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል፤ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናል።

የጆሮው ነርቭ ራሱ የተጎዳበት ሰው መንገዱ ይረዝማል። ጤነኛ ጆሮ ራስ ሲዞር ዓይን በተቃራኒው እንዲዞር የሚያዘው ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ይህ ሲበላሽ በእያንዳንዱ እርምጃ ዓለም ትንቀጠቀጣለች። ነርቩ ባይመለስ እንኳ አንጎል ይለምዳል፤ የሚለምደው ግን ስሕተቱን ሲያይ ነው። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሚያዘው ታማሚው የሚፈራውን ነው፦ ካርድ ላይ የተጻፈች “ሀ”ን በክንድ ርቀት ይዞ፣ ፊደሏ ሳትደበዝዝ ራስን ቀኝና ግራ ማወዛወዝ። ቀጥሎ እግርን ገጥሞ፣ ዓይንን ጨፍኖ ስፖንጅ ላይ መቆም፤ ከዚያ ራስን እያዞሩ መራመድ፤ ሲጠና ገበያ መሃል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ለሳምንታት ይደገማል፤ ትንሽ ካላዞረም ጥቅም የለውም። በ1940ዎቹ ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች የጀመሩት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ በደግነት ይጎዳል። “ተኛ፣ አትንቀሳቀስ” እያለ ለወራት ያስተኛል፤ የማዞር ኪኒንም ይደግማል። ኪኒኑ ለመጀመሪያዎቹ የትውከት ቀናት ደህና ነው። ሲቆይ ግን አንጎል ሊማርበት የሚገባውን ስሜት ያፍናል።

ማዞሩ ከአንደበት መኮላተፍ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት፣ ከእጅ ወይም ከእግር መዛል፣ ጨርሶ መቆም ካለመቻል ወይም ድንገት ከመጣ ብርቱ ራስ ምታት ጋር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። አንገቱ የተጎዳ ሰውም የኤፕሊን ዘዴ ቤቱ ውስጥ አይሞክር። ለሌላው፣ ቅንጣቶቹ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊላቀቁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ያው መገላበጥ ይደገማል።