በአየር ወይስ በውሃ? ስለ ጌም ኮምፒውተር ዕድሜ

ከመካከላችን አንዱ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ የጎደለውንም ከዘመድ ተበድሮ፣ ጌም የሚችል ኮምፒውተር ለመገጣጠም በተነሣ ቁጥር በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ይኸውም ፕሮሰሰሩ በአየር ይቀዝቅዝ ወይስ በውሃ የሚለው ነው። የአየር ወገን የሆነው «ውሃንና ኤሌክትሪክን ምን አገናኛቸው?» ይላል። የውሃ ወገን የሆነው ደግሞ «ያን ሁሉ ብረት ማዘርቦርድ ላይ ማንጠልጠል የድሮ ሰው ሥራ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ነገሩ ግን ሳይቆረጥ ያድራል።

ስለ ምን ቢሉ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ሳምንት ነው። አዲስ የተገዛ ማቀዝቀዣ ሁሉ ያቀዘቅዛል። ለእኛ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን በሰባተኛው ዓመት የትኛው በሥራ ላይ ይገኛል የሚለው ነው፤ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ የምንገዛው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ፕሮሰሰርም ሆነ ማዘርቦርድ ዋጋው አብሮ ወጣ። በዚያ ላይ ማታ ጌም የምንጫወትበት ኮምፒውተር ቀን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፍበት፣ ለአንዳንዱም የዲዛይንና የቪዲዮ ሥራ ተሠርቶበት የኪስ ገንዘብ የሚገኝበት ያው አንዱ ኮምፒውተር ነው። ለፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀር ቢቆም የሚቀረው ጌሙ ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። ፕሮሰሰር የወሰደውን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህ ሙቀት ወደ ክፍሉ አየር መውጣት አለበት፤ ሌላ መሄጃ የለውም። በአየር የሚባለው ማቀዝቀዣ ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጥ መሠረት፣ ከመሠረቱ የሚወጡ የመዳብ ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ አሉሚኒየሞችና አንድ ወይም ሁለት ማራገቢያ ያሉት ነው። በውሃ የሚባለው ደግሞ ሙቀቱን በፓምፕ በሚዞር ፈሳሽ ተቀብሎ በጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ያደርሰዋል፤ ራዲያተሩንም የሚያቀዘቅዘው ያው ማራገቢያ ነው። እንግዲህ ሁለቱም በመጨረሻ በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው።

ይበልጥ የሚያስገርመው በአየር የሚባለውም ውሃ ያለበት መሆኑ ነው። የመዳብ ቱቦዎቹ ድፍን ብረት አይደሉም፤ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ፣ አየሩ ከወጣ በኋላ ጥቂት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ ተደርጎ የታሸጉ ናቸው። ግፊት በሌለበት ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ በፕሮሰሰሩ በኩል ያለው ተንኖ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል፤ እዚያም ሙቀቱን ትቶ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለው ወንፊት መሰል ሽፋን ተስቦ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሐሳቡን የጄኔራል ሞተርሱ ሪቻርድ ጎግለር እ.ኤ.አ. በ1942 ለፓተንት አቅርቦት ነበር፤ በ1963 ደግሞ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ጆርጅ ግሮቨር ለብቻው ደርሶበት ሠራው፤ ከዚያም ለጠፈር መሣሪያዎች ዋለ። ዛሬ በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ይገኛል። ይህ ሁሉ መመላለስ የሚከናወነው አንድም የሚሽከረከር ነገር ሳይኖር ነው።

ስለዚህ ዋናው ልዩነት የአየርና የውሃ አይደለም፤ የፓምፕ መኖርና አለመኖር ነው። ፓምፑ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሳያርፍ ይሽከረከራል፤ አንድ ቀን ይደክማል። ፈሳሹም በጎማው ቱቦ ግድግዳ እያለፈ በዓመታት ውስጥ በዝግታ ይቀንሳል፤ በቦታው አየር ይተካል። ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው መዳብ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች እጅግ የቀጠኑ ስለ ሆኑ ጥቂት ዝቃጭ ሲከማች ይደፈናሉ። ታሽጎ የሚሸጠው ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከፍቶ እንዲሞላ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ለተሻሉት የሚሰጠው ዋስትና 5 ወይም 6 ዓመት ነው። እርግጥ የኦስትሪያው ኖክቱዋም ለአየር ማቀዝቀዣው የሚሰጠው 6 ዓመት ነው፤ ነገሩ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። የአየሩ ማራገቢያ ቢሞት ብረቱ አይሞትም፤ 120 ወይም 140 ሚሊሜትር ማራገቢያ ከተገኘበት ሱቅ ገዝቶ፣ ቢያስፈልግም በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ፣ በዚያው ማታ መቀጠል ይቻላል። ፓምፑ የሞተ እንደ ሆነ ግን ዕቃው በሞላ ይጣላል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀጥሎም ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ዋስትናውም ቢሆን ዘመድ በሻንጣ ላመጣው ዕቃ ምን ያህል እንደሚረዳ አንባቢ ራሱ ያስበው።

ምሳሌ የሚፈልግ አይጠፋም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ባለ 2.5 ጊጋኸርዝ ፓወር ማክ ጂ5 ውስጥ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ አግብቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ ፈሳሻቸው ሾልኮ ውስጣቸውን አበላሽቷል። በ2022 ደግሞ አርክቲክ የተባለው ድርጅት ከሊኩዊድ ፍሪዘር 2 ማቀዝቀዣዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ የጎማው ማሸጊያ ችግር እንዳለበት ገልጾ መለወጫውን በነፃ ሰጥቷል። ድርጅቱ ነገሩን ሳይደብቅ መናገሩ ያስመሰግነዋል። መፍሰስ የሚደርሰው ከስንት አንዴ እንደ ሆነም መካድ አይገባም፤ ውሃን የሚያስጠላኝ መፍሰሱ ሳይሆን ማርጀቱ ነው።

በአዲስ አበባ መንገድ ዛሬም ድረስ የሚታየው አሮጌው ቮልስ ራዲያተርም፣ የውሃ ፓምፕም፣ የውሃ ጎማም የለውም። ራዲያተሩ ፈላ ተብሎ መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ቮልስ ያየ ሰው ካለ ይንገረን። በአንጻሩ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና ያለ ውሃ አይሆንለትም። ከፕሮሰሰሮችም መካከል እንዲህ ያሉ ከባድ መኪናዎች አሉ። የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እስከ 253 ዋት እንዲወስድ ተወስኖለታል፤ በዚህ ላይ ለሰዓታት ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር ቢገዛ አይፈረድበትም። ጌም ግን እንዲህ ያለ ጭነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ለጌም ከተመሰገኑት አንዱ ሲሆን በጨዋታ ጊዜ በአብዛኛው የሚወስደው ከ100 ዋት በታች ነው። መካከለኛ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። በጌም ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛው ምድጃ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 ደግሞ 450 ዋት ይወስዳል። ለፕሮሰሰሩ ውሃ የገዛ ሰው ለዚህ ምድጃ ምንም አላደረገለትም። ያን ገንዘብ ፊቱ ወንፊት ለሆነ ኬዝና ለሁለት ተጨማሪ ማራገቢያዎች ቢያውለው ካርዱም ፕሮሰሰሩም ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ከተማችን ነገር እንምጣ። «አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ነው፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ እዚህ ውሃ ግድ ነው» የሚል ክርክር ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ግድም ስለ ሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው ስፋት ያው ሆኖ፣ በውስጡ ሙቀት የሚሸከመው አየር ግን ያንሳል። ነገር ግን ራዲያተሩን የሚነፋው ከየት የመጣ አየር ነው? ያው ስሱ አየር አይደለምን? ከፍታው ሁለቱንም ይጎዳል። ደግነቱ ከተማው ቀዝቃዛ ነው። ለምሳሌ በባሕር ዳርቻ፣ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ በ45 ዲግሪ በልጦ 70 ቢደርስ፣ እዚህ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ብልጫው በግምት 52 ሆኖ 72 ይደርሳል። ይህን ያህል ልዩነት ለጭንቀት አያበቃም። ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱም አያሳስብ፤ በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ድሬዳዋ ያለ ተማሪ ሒሳቡ ይገለበጥበታል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ክፍሉ ግን ይሞቃል፤ እሱ ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ ይምረጥ።

ከከፍታው ይልቅ የሚገድለው አቧራ ነው። በበጋ በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ ይጽዳ፤ አየር ሲነፋበትም ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱም አብሮ ስለሚቆም ማቀዝቀዣው አይጎዳም፤ ለፓወር ሰፕላዩና ለዲስኩ ሲባል ግን ዩፒኤስ መኖሩ ደግ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው የአየሩን ሳይፈራ ይግዛ። ያገለገለ የውሃ ማቀዝቀዣ ግን ስንት ዓመት እንደ ሠራ፣ ምን ያህል ፈሳሽ እንደ ቀረው ከውጭ አይታይም፤ በነፃ ካልተሰጠ አልመክርም። የውሃውን አስቀድሞ የገዛ ደግሞ ራዲያተሩን ከላይ ያድርገው፤ ፓምፑ ከሁሉ በላይ ከሆነ አየር ይከማችበታልና።

የአየሩ ወገን የሚዘነጋው ክብደቱን ነው። ኖክቱዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኤንኤች-ዲ15 ከሁለት ማራገቢያዎቹ ጋር 1,320 ግራም ይመዝናል፤ ቁመቱም 165 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት የኬዙ ስፋት ይለካ። ለክረምት ዕረፍት ኮምፒውተሩን በአውቶቡስ ወደ ቤተሰብ የሚወስድ ተማሪ ማቀዝቀዣውን ፈትቶ ለብቻው ይጠቅልል፤ ሲመልሰውም አሮጌውን ፔስት ጠርጎ አዲስ ይቀባ። መፍታት ካልቻለ ኬዙን ማዘርቦርዱ ከታች እንዲውል በጎኑ አስተኝቶ ከእግሩ ሥር ያድርገው እንጂ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አያስጭነው።