በተሽከርካሪ ላይ የሚገጠም የኤልኢዲ ጌጥ መብራት፦ የቮልት መጠን፣ የሙቀትና የፊውዝ ጉዳይ

ሲመሽ በባጃጆች፣ በሚኒባስ ታክሲዎችና በግል መኪኖች ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡ የኤልኢዲ ጥብጣቦችን ማየት በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደ ሆኗል። ጥብጣቡ በጀርባው ማጣበቂያ ስላለው ገጠማው ሁለት ሽቦ ከማገናኘት ያለፈ አይመስልም። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ብዙ ሳይቆይ ከፊሉ ይጨልማል፤ አንዳንዱ ባትሪ ያወርዳል፤ የከፋው ደግሞ ሽቦ ያቃጥላል። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ችግሮች መንስኤና መፍትሔ በአጭሩ ያብራራል።

ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍበት ብርሃን የሚያመነጭ ከፊል አስተላላፊ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ የሠራው በ1962 እ.ኤ.አ. ነበር። ብሩህ ሰማያዊ ብርሃን ግን እስከ 1990ዎቹ ድረስ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል፤ ይህን ያሳኩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቀለማትን በማቀላቀል የሚሠራው የዛሬው ጥብጣብ የዚህ ግኝት ውጤት ነው።

የችግሩ ሥር ያለው «12 ቮልት» በሚለው ጽሑፍ ላይ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ሲጠፋ 12.6 ቮልት ገደማ ይኖረዋል፤ ሞተር ሲነሣ ግን ባትሪውን የሚሞላው አልተርኔተር መጠኑን ወደ 14.4 ቮልት ሊያደርሰው ይችላል። በተለመደው ጥብጣብ ውስጥ ሦስት ኤልኢዲዎችና አንድ ሬዚስተር በተከታታይ ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ሰማያዊ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ቢወስድ ሦስቱ 9.6 ቮልት ይይዛሉ፤ በ12 ቮልት ለሬዚስተሩ የሚተርፈው 2.4 ቮልት ነው። ሬዚስተሩ 120 ኦም ከሆነ 20 ሚሊአምፒር ያልፋል። በ14.4 ቮልት ግን ትርፉ 4.8 ቮልት ስለሚሆን ፍሰቱ ወደ 40 ሚሊአምፒር ይጠጋል። ቮልቱ በአንድ አምስተኛ ብቻ ሲጨምር ፍሰቱ እጥፍ፣ የሬዚስተሩ ሙቀት ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጥብጣቡ ያለ ዕድሜው የሚጨልመው ስለዚህ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቮልቱን በ12 የሚያጸና መቆጣጠሪያ በመካከል ማስገባት ይቻላል፤ ወይም ፍሰቱን ሊሸከሙ የሚችሉ ሦስት ዳዮዶች በተከታታይ ቢገቡ በጠቅላላው 2 ቮልት ገደማ ይቀንሳሉ። ዳዮዶቹ ስለሚሞቁ አየር በሚያገኙበት ቦታ ሊቀመጡ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊውዝ ነው። በሜትር 60 ኤልኢዲ ያለው የተለመደ ጥብጣብ በ12 ቮልት እስከ 14.4 ዋት፣ ማለትም 1.2 አምፒር ይፈጃል፤ ሁለት ሜትር 2.4 አምፒር ይሆናል። ይህ ትንሽ ነው። አደጋው የሚመጣው የሽቦው ልባስ በብረት ጠርዝ ተፍቆ ከመኪናው አካል ጋር ሲነካካ ነው፤ ያን ጊዜ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ሊለቅ ይችላል። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከጥብጣቡ ሳይሆን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለ ሽቦ ጥበቃ የለውምና።

ሦስተኛው የባትሪ ጉዳይ ነው። ያው ሁለት ሜትር ጥብጣብ ለ10 ሰዓት ሳይጠፋ ቢያድር 24 አምፒር ሰዓት ይበላል፤ ይህም 45 አምፒር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ከግማሽ በላይ ነው። ኤሌክትሪኩ መኪናው ሲጠፋ አብሮ ከሚቋረጥ መስመር ቢወሰድ ችግሩ ይወገዳል።

በመጨረሻም የብርሃኑ ቀለም ለሌላው አሽከርካሪ መልእክት ነው። የ1968 እ.ኤ.አ. የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ቀይ ብርሃን ወደ ፊት እንዳይታይ፣ ከኋላ ማርሽ መብራት በቀር ነጭ ብርሃንም ወደ ኋላ እንዳይታይ ይደነግጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጨለማ ውስጥ ተሽከርካሪው ይምጣ ወይም ይሂድ የሚለየው በቀለሙ ነው። ጌጡ ይህን ምልክት ካደበላለቀ፣ ገጠማው በኤሌክትሪክ ረገድ እንከን ባይኖረውም እንኳ ለመንገዱ አደጋ ሆኖ ይቀራል።